ትንንሽ ደስታዎቻችን
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ነፋስ ስልክ ቤት ተከራይተን ወደ ስድስት ኪሎ የምንመላለስ ተማሪዎች ስለ ችግራችን ብዙ ጊዜ ተናግረናል። ዛሬ ግን ስለ ደስታችን እንናገር። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ ነው፤ ሕዝቡ «ነፋስ ስልክ» አለው። የእኛም ደስታ ሽቦ የለውም፤ ከልብ ወደ ልብ ይደርሳል።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር መቀመጫ ማግኘት፤ ከአገር ቤት የተላከ ድርቆሽ ለአምስት መካፈል፤ መብራት ሲጠፋ በአንድ ሻማ ዙሪያ ማጥናት፤ የእነዚህ ሁሉ ዋጋ ትንሽ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን የቤት ኪራይ አጥቶ ትምህርቱን ሊተው ጓዙን ሸከፈ። ያን ምሽት ሽሮ ሠርተን «በልተህ ትሄዳለህ» አልነው። እየበላን የየኪሳችንን አወጣን፤ የወሩ ኪራይ ሞላ፤ ጓዙም ተፈታ። ዘንድሮ ከእኛ ጋር ለመውጫ ፈተና ይዘጋጃል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ደስታ ችግራችንን አያስረሳንም፤ የምንሸከምበትን ትከሻ ይሰጠናል እንጂ። ብቻውን የሚበላ ጎረቤት ካላችሁ ዛሬ ማታ በሩን አንኳኩ።