የበረዶ ቀዳዳና የበሽታ ቀዳዳ

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ በፎርማሊን የቆየ አንጎልን አቀዝቅዞ በስሱ ስለ መቁረጥ ነው። ነገሩ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ባይሆንም፣ እኔን ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ስለሆነ ልናገረው ወደድሁ።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ሟች አንጎል የተወሰደ ቁራጭ ወደ ላቦራቶሪያችን ተላከ። የነርቭ ክሮቹን የሸፈነው ስብ ተጎድቶ እንደሆነ ለማወቅ ይፈለግ ነበር። የሟቹ ልጆችም የአባታቸው ሕመም ምን እንደነበረ ለመስማት ይጠባበቁ ነበር። በሰም የማጽናቱ ዘዴ የሚጠቀምባቸው አልኮልና ዛይሊን ስብን አሟሙተው ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ቁራጩን በቅዝቃዜ ማጽናት አስፈለገ። እኔም ቸኩዬ፣ ከፎርማሊኑ አውጥቼ ጥቂት ካጠብሁት በኋላ በቀጥታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖርሁት። በማግሥቱ ቆርጬ በማይክሮስኮፕ ስመለከት ኅብረ ሕዋሱ እንደ እንጀራ ዓይን በቀዳዳ ተሞልቷል። «አንጎሉ በበሽታ ተቦርቡሯል» ብዬ ልጽፍ ስል፣ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ አይተው፣ «ልጄ፣ የቦረቦረው በሽታ አይደለም፤ አንተ ነህ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ከአንጎል ክብደት ከመቶ ከ70 እስከ 80 እጅ የሚሆነው ውኃ ነው። ውኃው ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ተሰባስቦ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ ቅንጣቱም ሕዋሳቱን ገፍቶ ይቀድዳል። በረዶው ሲቀልጥ ቀዳዳው ይቀራል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ስኳርና ፍጥነት።

በመጀመሪያ ቁራጩ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ በፎስፌት ባፈር በሚገባ ይታጠባል። ቀጥሎ በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ከመቶ 15 እጅ፣ ኋላም ከመቶ 30 እጅ የሱክሮዝ ውሕድ ውስጥ ይነከራል። ጊዜውን የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን ቁራጩ ራሱ ነው፤ መጀመሪያ ይንሳፈፋል፣ ስኳሩ ሲዘልቀው ይሰጥማል። ሳይሰጥም ማውጣት የእኔን ስሕተት መድገም ነው።

ከዚህ በማይርቀው በቃሊቲ፣ ለከብት ማዳቀል የሚውለው የኮርማ ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይጠበቃል። ዘሩን ከበረዶ ጉዳት የሚከላከልለት በ1949 እ.ኤ.አ. ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ጥቅሙን ያስታወቁት ግሊሰሮል ነው። ግሊሰሮል ለሕያው ዘር የሚያደርገውን ውለታ፣ ሱክሮዝ በፎርማሊን ለጸናው አንጎል ያደርግለታል።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ቁራጩን በቀጥታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መጣል አይበጅም። ፈሳሹ ፈልቶ ቁራጩን በጋዝ ይከብበዋልና ቅዝቃዜው ይዘገያል፤ ቁራጩም ሊሰነጠቅ ይችላል። አስቀድሞ በናይትሮጅን ወይም በደረቅ በረዶ በቀዘቀዘ አይሶፔንቴን ውስጥ ማጥለቅ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ክራዮስታቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በስላይድ ላይ ለሚለጠፈው ከ10 እስከ 20፣ በባፈር ውስጥ ለሚንሳፈፈው ከ30 እስከ 40 ማይክሮን ይቆረጣል። መብራት ሄዶ ቁራጩ ከቀለጠና እንደገና ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ግን ድካማችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ እንዲህ ሲሆን የደረሰውን በመዝገብ ማስፈር ግዴታችን ነው።

ያን ጊዜ ያዳነን የቁራጩ ግማሽ በፎርማሊን ውስጥ መቅረቱ ነበር። በ4 ቀን ትዕግሥት እንደገና ስንሠራው ቀዳዳው ጠፋ፤ ስቡም እንደነበረ ታየ። እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ ሁልጊዜ ግማሹን አስቀሩ፤ ከመጻፋችሁም በፊት ያያችሁት የበሽተኛው ይሁን የእጃችሁ ሥራ ራሳችሁን ጠይቁ። የሞተ ሰው አንጎል ሁለተኛ ጊዜ አይገኝምና።