የመራጭ ዕዳ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



መጽሐፍን፣ መዝገብንና የተቀዳ ድምፅን መርጦ ማስቀመጥ የዕለት ሥራችን ነው። ዛሬ ግን ስለ መምረጥ የምናገረው አንድ የሮክ ሙዚቀኛ በገዛ ጆሮው መርጦ ካሳተመው የዘፈን መድበል ተነሥቼ ነው። ነገሩ ከመዛግብትና ከቤተ መጻሕፍት ሥራ የራቀ ቢመስልም፣ ጥቂት ብትታገሡኝ ከእኛው ደጃፍ የሚደርስ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው ዴቪድ በርን ይባላል። ቶኪንግ ሄድስ የተባለው የኒው ዮርክ የሮክ ባንድ ድምፃዊና ጊታር ተጫዋች ነበር። በ1988 ሉዋካ ቦፕ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የድርጅቱን የመጀመሪያ ሥራ አወጣ። ርእሱ «ቤሌዛ ትሮፒካል» ሲሆን፣ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የሐሩር ምድር ውበት» ማለት ነው። በውስጡ 18 የብራዚል ዘፈኖች ይገኛሉ። የካኤታኖ ቬሎዞ፣ የዢልቤርቶ ዢል፣ የዦርዢ ቤን፣ የሚልተን ናሲሜንቶና የሌሎችም ድምፅ ተሰብስቦበታል። በርን ዘፈኖቹን ራሱ መረጠ፤ በመራጭነትም ስሙን አሰፈረ።

እንዲህ ያለው ምርጫ ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት ከ18ቱ አንዱን ልጥቀስ። ብራዚል ከ1964 እስከ 1985 በጦር መኮንኖች አገዛዝ ሥር ነበረች። ዢልና ቬሎዞ በ1968 መጨረሻ ታስረው፣ በተከታዩ ዓመት ወደ ለንደን ተሰደዱ፤ ወደ ሀገራቸው የተመለሱት በ1972 ነው። ዢል ከተመለሰ በኋላ፣ በ1973፣ ከሺኮ ቡዋርኪ ጋር «ካሊሲ» የተባለውን ዘፈን ደረሰ። ቃሉ በፖርቱጋል ቋንቋ «ጽዋ» ማለት ነው፤ በጆሮ ሲሰማ ግን «ዝም በል» ከሚለው ትእዛዝ አይለይም። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ምስጢሩን መፍታት አያስፈልግም። ሳንሱሩም ወርቁን አላጣውም፤ ሁለቱ ደራሲዎች በመድረክ ሊያሰሙት ሲነሡ የድምፅ ማጉያው ተዘጋባቸው። ዘፈኑ በቡዋርኪና በናሲሜንቶ ድምፅ በሸክላ የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነበር። በርን ይህንኑ ቅጂ በመድበሉ ውስጥ በማስገባቱ፣ አንድ ጊዜ አፉ የተዘጋ ቃል ቋንቋውን ከማያውቅ ሰው ቤት ሳይቀር ገባ። ይህ የመራጭ በጎ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ መምረጥ ማለት መተውም ማለት ነው። በ1968 ዢል፣ ቬሎዞና ጋል ኮስታ «ትሮፒካሊያ» በሚል ስም የታወቀውን አልበም በኅብረት ሲሠሩ፣ ከጎናቸው ቶም ዜ የተባለ የባሂያ ክፍለ ሀገር ተወላጅ ነበረ። ሦስቱ ባልንጀሮቹ በ«ቤሌዛ ትሮፒካል» ውስጥ ሲገኙ፣ የእሱ ድምፅ ግን የለም። ያንን አልበም ብቻ የሰማ ሰው፣ ቶም ዜ የተባለ ሙዚቀኛ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

በሀገሩም ቢሆን ተረስቶ ነበር። በ1976 ያሳተመው አልበም «ሳምባን ማጥናት» የሚል ርእስ ነበረው፤ ሥራው ግን የሳምባን ባህል ፈታትቶ እንደገና የሚገጣጥም እንግዳ ነገር ነው። በርን በሪዮ ዴ ጃኔሮ በአንድ የሙዚቃ ሱቅ ሸክላዎችን ሲያገላብጥ፣ ይህን አልበም ከተራ የሳምባ ሸክላዎች መካከል አገኘው። ሽፋኑ ላይ ገመድና እሾሃማ ሽቦ ስላየ ተገርሞ ገዛው። ባለቤቱን ሲያፈላልግ፣ ቶም ዜ ሙዚቃውን ትቶ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ኢራራ ሊመለስና በዘመዱ ነዳጅ ማደያ ሊቀጠር በዝግጅት ላይ ነበር። በ1990 የቶም ዜ ሥራዎች ብቻ የተመረጡበት መድበል በሉዋካ ቦፕ ታተመ፤ ሰውዬውም ወደ ሙያው ተመለሰ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። አልበሙ አልጠፋም፣ አልተቃጠለምም። መደርደሪያ ላይ ነበረ፤ ርእሱ «ሳምባ» ስለሚል ከሳምባ መካከል ተቀመጠ፤ በዚያም ተቀበረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የተሳሳተ ምድብም የያዘውን አይለቅም። በርን ራሱ በ1999 በኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ጽሑፍ፣ «የዓለም ሙዚቃ» የሚለውን የሱቆች ምድብ አጥብቆ ተቃውሟል፤ ከምዕራቡ ዓለም ውጭ ያለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት ውስጥ የሚጨምር ስም ነውና።

የእኛም ዘፈን ይህን ዕጣ ቀምሷል። ዐምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ በአዲስ አበባ ያሳተማቸው ሸክላዎች ወደ ውጭ ሀገር አድማጭ በስፋት የደረሱት፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ባሳተመው «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ መድበል ነው። ባለውለታችን ነው። ነገር ግን ብዙ የውጭ ሰው ዛሬ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚለው፣ ሌላ ሰው የመረጠለትን ነው።

ስለ ሌሎች ይህን ያህል ከተናገርሁ፣ የራሴንም ልናዘዝ። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ሣጥን ሙሉ የተቀዳ ቴፕ እንድመዘግብ ተሰጠኝ። ጊዜ አጠረኝና ካርዱ ላይ «ልዩ ልዩ ዘፈኖች» ብዬ ጽፌ ዘጋሁት። ከዓመታት በኋላ አንድ አዛውንት መጥተው፣ መሰንቆ ይመታ የነበረው ሟች ወንድማቸው የተቀዳበት ድምፅ እንዳለ ጠየቁኝ። ካርዶቹን አገላብጬ «የለም» አልኋቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ሣጥኑ እንደገና የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር፤ ድምፁ እዚያው ነበረ። አድራሻቸውን አልተቀበልሁምና መልሼ ላገኛቸው አልቻልሁም።

ስለሆነም ለባልደረቦቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የመረጠ ሰው ስሙንና የመረጠበትን ምክንያት ይጻፍ፤ ተከታዩ ሊያርመው የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነውና። ሁለተኛ፣ ያልተመረጠው እንዳይጣል ይጠበቅ፤ የዛሬው ትርፍ የነገ ቶም ዜ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ «ልዩ ልዩ» የሚለውን ቃል ከካርዳችን እናውጣ። ሣጥን ከፍቶ ማዳመጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ «የለም» የተባለ ሰው ግን ላይመለስ ይችላል።