ከውፍረት በፊት ልክ፦ ስለ ጠላቂ ልብስ አመራረጥ የቀረበ ዲስኩር



ኢላት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የማይለያት ከተማ ስለሆነች፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ለመጥለቅ የሚመጣ ሰው ብርድ የሚባል ነገር ትዝ አይለውም። በየካቲት ወር ባሕሩ ዳር ፀሐይ እየሞቀ የተቀመጠ እንግዳ ከፊቱ ያለው ውሃ 21 ወይም 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው ቢሉት አይደነግጥም። በ22 ዲግሪ አየር ውስጥ በካናቴራ ይዋላልና። ነገር ግን ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ ኃይሉ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዚያ ውሃ ውስጥ ያለ ልብስ የሚቆይ ጠላቂ መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ የበረደው ሰው ደግሞ የያዘውን አየር ቶሎ ይጨርሳል፣ ጣቶቹ አይታዘዙለትም፣ አእምሮውም ይዘገያል። የልብስ ምርጫ የደኅንነት ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ብዙዎች «የሚያሞቀን ልብሱ ውስጥ የገባው ውሃ ነው» ይላሉ። ይህ አባባል ግማሹ ብቻ ልክ ነው። ብርዱን የሚከላከለው ኒዮፕሪን ነው፤ በ1930 እ.ኤ.አ. በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ሰው ሠራሽ ጎማ። ለጠላቂ ልብስ የሚሠራው ኒዮፕሪን በጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች የተሞላ ነው፤ ሙቀት እንዳይወጣ የሚያግዱት እነዚህ አረፋዎች ናቸው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሂዩ ብራድነር በ1951 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ሲያስብ የደረሰበት ሐሳብም ይኸው ነበር፦ ጋዙ ጨርቁ ውስጥ ካለ፣ ሰው እንዲሞቀው የግድ ደረቅ መሆን የለበትም። ሾልኮ የሚገባው ስስ ውሃ በሰውነት ሙቀት ይሞቃል፤ ግን ባለበት መቆየት አለበት። በየእንቅስቃሴው ወጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ የሚተካ ከሆነ፣ የ7 ሚሊሜትር ልብስም ገንዘብ ማባከን ነው።

እንግዲህ ከውፍረት በፊት ልክ የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ሱቅ ስትገቡ ልብሱን በእጃችሁ እየጨመቃችሁ ውፍረቱን አትመርምሩ፤ ልበሱት። ከዚያ ቁጢጥ በሉ፣ ክንዳችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፣ በረጅሙ ተንፍሱ። ትንፋሻችሁን ካገደ ጠቧል። ወገብ ላይ ከጀርባ በኩል፣ ብብት ሥር ወይም ብሽሽት ላይ ክፍተት ካለ ሰፍቷል፤ ውሃው የሚመላለሰው በእነዚያ ቦታዎች ነው። መሬት ላይ ትንሽ ጠበቅ ማለቱ አያሳስባችሁ። አንገት ላይ ግን አትደራደሩ፤ እዚያ የሚያልፉትን የደም ሥሮች አጥብቆ የሚጫን ልብስ የልብ ምትን ሊያዘገይ፣ ራስን ሊያዞር ይችላል። ሴቶችም ለሴት የተቀደደውን ልብስ ጠይቁ። የወንዱ ልብስ ዳሌ ላይ ይጠብና ወገብ ላይ ይሰፋል። ብዙ አከራዮች ቁመት ብቻ ጠይቀው ልብስ ያቀብላሉ፤ ይህን ልማድ አልወደውም።

ስፌቱንም ገልብጣችሁ እዩ። መርፌው ጎማውን ዘልቆ ያለፈበት ስፌት ውሃ ያስገባል፤ ለሞቃት ባሕር ይበቃል። በሙጫ ተጣብቆ መርፌው እስከ ግማሽ ብቻ የገባበት ግን ለብርድ ይሻላል። የጀርባ ዚፕ ለመልበስ ይቀላል፤ የደረት ዚፕ ለመልበስ ያስቸግራል፣ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ያነሰ ያስገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ይሆናል፤ አረፋዎቹም ይጨማደዳሉ። ላይ 5 ሚሊሜትር የነበረው ልብስ ታች ስስ ይሆናል፣ የማንሳፈፍ ኃይሉም ይቀንሳል። ወፍራም ልብስ የለበሰ ጠላቂ ለመስጠም ብዙ እርሳስ ይታጠቃል፤ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ያው እርሳስ ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ «ለማንኛውም ወፍራሙን ልያዝ» ማለት ብልኀት አይደለም።

እንደ ኩዌት ባሉ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖሩ ሒሳቡ ሌላ ነው። እዚያ በሐምሌና በነሐሴ ባሕሩ ከ32 ዲግሪ ያልፋል፤ ከፀሐይና ከሚያቃጥል የባሕር ፍጥረት የሚጠብቅ ስስ ልብስ ይበቃል። እንዲያውም ወፍራም ልብስ ለብሶ ጀልባ ላይ ተራ መጠበቅ በሙቀት ያሳምማል። በጥርና በየካቲት ግን፣ በተለይ በኩዌት በኩል፣ ውሃው ከ20 በታች ስለሚወርድ 7 ሚሊሜትር ይፈለጋል።

እጅና እግሩ አጭር የሆነው ሾርቲ በነሐሴ ኢላት ያስደስታል፤ ኮራል ቢፍቃችሁ ግን ጉልበታችሁን አያድንም። ሙሉ በሙሉ ውሃ የማያስገባው ድራይሱት ራሱን የቻለ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ለዚህ ባሕር ለጀማሪ አያስፈልግም። ከውሃ ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ የኢላትን ደረቅ የሰሜን ነፋስ አትርሱ። በእርጥብ ልብስ እዚያ መቆም የራሰ ጋቢ ለብሶ ነፋስ ላይ እንደ መቀመጥ ነው፤ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት ይዛችሁ ኑ።

አንድ ልብስ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ፣ ለኢላት የምመክረው ሙሉውን የ5 ሚሊሜትር ልብስ ነው። ለብርዱ ወራት ኮፍያ ያለው ስስ የውስጥ ሰደርያ ይጨምርበት። ልኩን የሚሆነው 5 ሚሊሜትር ካጣና ልኩን የሚሆን 3 ሚሊሜትር ካገኘ፣ 3ቱን ይግዛ፤ ለብርዱ ወራት ሌላ እስኪያገኝ ይታገሥ።