ልጅ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ



የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) በሁለት ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ቀድተው ለሕፃናት ያሳዩ ነበር። የአንደኛው ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ሲገለበጥ የ5 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ «ረጅሙ ይበልጣል» ይላል፤ በ7 ወይም በ8 ዓመቱ ግን «ያው ነው» ይላል። ይህን ለውጥ ያመጣው የአሳቡ ማደግ እንጂ አርጩሜ አይደለም።

ነገር ግን ጥፋቱ የጠያቂውም ሊሆን ይችላል። ማርጋሬት ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ ከሁለት እኩል ረድፎች አንዱን መርማሪው ሳይሆን የአሻንጉሊት ድብ በድንገት ያዛባው ሲመስል፣ ብዙ ትንንሽ ልጆች ቁጥሩ እንዳልተለወጠ መልሰዋል።

እንግዲህ ነገ መምህርም ወላጅም የምንሆን ሁሉ፣ ልጅን «ደንቆሮ» ከማለታችን በፊት፦ ዕድሜው ደርሷልን? ጥያቄያችንስ ቀንቷልን? ብለን ራሳችንን እንመርምር።