ጨቅላው ሲያለቅስ እንነሳ ወይስ እንተወው?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን ከየመኝታ ቤታችን የሚነሳ ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ሆኗል እንበል። የሦስት ሳምንት ጨቅላ ከእንቅልፉ ባንኖ ያለቅሳል። እናቱ ልትነሳ ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ፣ ከጎኗ ‹‹ተይው፣ አሁን ካነሳሽው እቅፍ ይለምዳል›› የሚል ድምፅ ትሰማለች። ተመልሳ ጋደም ትላለች፤ እንቅልፍ ግን የለም። የልጁ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ጡቷ አግቶ ልብሷ ይረጥባል።

በሌላ ቤት ደግሞ ነገሩን ተገልብጦ እናገኘዋለን። እዚያ ያለችው እናት ‹‹ጥሩ እናት ልጇን ከእቅፏ አታወርድም›› ተብላለች። ልጁን አስቀምጣ ገላዋን ለመታጠብ እንኳ ትሳቀቃለች። ከወለደች ጀምሮ ሁለት ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ አላገኘችም። ሁለቱ እናቶች የሰሙት ምክር የተለያየ ነው። የሚሰማቸው ግን አንድ ነው፤ ጥፋተኛ ነን ይላሉ።

ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ወላጆች በሁለት ጎራ ሲከፈሉ እናያለን። ‹‹እኛ ጠንከር ተደርገን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?›› የሚሉ አሉ። ‹‹ልጄ አንዲት ደቂቃ ካለቀሰ ተጎዳብኝ›› ብለው የሚጨነቁም አሉ። አንዱ ሌላውን ጨካኝ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ልጅ አበላሽ ይለዋል። እኛ ዛሬ ማንንም ለመውቀስ አልመጣንም። ጥያቄያችን ሁለት ነው። ጨቅላው በእኛ ላይ ያለው ሐቅ ምንድን ነው? ሐቁንስ መክፈል ያለበት ማን ነው?

የጥብቅነቱ ምክር ከየት መጣ?

ጨቅላን በሰዓት ብቻ ማጥባትና ሲያለቅስ አለማንሳት በአንድ ወቅት የሳይንስ ካባ ለብሶ የተሰበከ ትምህርት ነው። ትሩቢ ኪንግ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 በኒውዚላንድ በተመሠረተው ማኅበር አማካይነት፣ ሕፃናት በየአራት ሰዓቱ እንዲጠቡ፣ ሌሊት ግን እንዳይጠቡ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ደግሞ ጆን ዋትሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያቅፉና እንዳይስሙ፣ ጠዋት ሲገናኙም እጅ ብቻ እንዲጨብጧቸው መከረ።

ነፋሱ አቅጣጫውን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ1946 ቤንጃሚን ስፖክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ወላጆች በራሳቸው እንዲተማመኑና ፍቅራቸውን እንዳይሰስቱ የሚመክር ነበር። ሆኖም ጥብቅነቱ ጨርሶ አልጠፋም። በ1990ዎቹ ዓመታት ጨቅላን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ በፕሮግራም ማጥባትን የሚያስተምር መጽሐፍ በአሜሪካ በሰፊው ተነበበ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ በሰዓት የተገደበ ማጥባት የሕፃኑን ዕድገት ሊጎዳ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ሰጠ።

በውጭ አገር የሚኖሩ እህቶቻችን በሁለቱ መካከል ተይዘዋል። እናቶቻቸው ከአገር ቤት በስልክ ‹‹እዘይው›› ይሏቸዋል፤ እዚያ ያለችው ጎረቤት ‹‹ለብቻው ክፍል አስተኚው፣ ይለምደዋል›› ትላቸዋለች። እዚሁ አገራችን ውስጥም ቢሆን ልጅን በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ ስትል የኖረችው አያት፣ በሌላ ቀን ‹‹እጅ አታስለምዱት›› ስትል እንሰማታለን። እንግዲህ ጥብቅነትና ርኅራኄ በምዕራብና በምሥራቅ የተከፋፈሉ አይደሉም፤ በአንድ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ጨቅላው ለምን ያለቅሳል?

የጥብቅነቱ ምክር የቆመው ጨቅላው ወላጆቹን ለመግዛት ያለቅሳል በሚል ግምት ላይ ነው። ሰውን ለማታለል ግን የዚያን ሰው ሐሳብ መገመትና ማቀድ ያስፈልጋል። የሦስት ሳምንት ሕፃን ገና ለዚህ አልደረሰም። ያለው አንድ ቋንቋ ለቅሶ ነው። ሲርበው፣ ሲበርደው፣ ሲረጥብ፣ ሲያመው የሚጣራው በዚያው ነው።

የጨቅላ ሆድ ትንሽ ነው፤ የእናት ወተት ደግሞ ቶሎ ይፈጫል። ስለዚህ አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል መጥባት ያስፈልገዋል። ቀንና ሌሊትንም ገና አይለይም። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፣ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲያገኝ፣ ቀንም ሌሊትም በፈለገ ጊዜ እንዲጠባ ይመክራል። ጡት ደግሞ የሚያመነጨው በተጠባው ልክ ነው። ሌሊት እንዳታጠባ የተመከረች እናት ከሳምንታት በኋላ ‹‹ወተቴ አነሰ›› ብትል አይግረመን።

ማንሳትስ ያበላሻል? ሜሪ አይንስወርዝ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች 28 ሕፃናትን ተከታትላለች። በኋላ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ያደረገችውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረባዋ ጋር አሳተመች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለለቅሷቸው ፈጥኖ ምላሽ ያገኙ ሕፃናት፣ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ከሌሎቹ ያነሰ ያለቅሱ ነበር። በአጠናኗ ላይ የተከራከሩ ምሁራን አሉ። ሕፃን ሲጠራ የሚመጣለት ሰው መኖሩን ሲያውቅ ይረጋጋል የሚለው ሐሳቧ ግን ዛሬም የሕፃናት አስተዳደግ ትምህርት አንዱ መሠረት ነው።

ሌላውንም ወገን በፍትሕ እንመልከት። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ነበር። የእንቅልፍ ችግር ያለባቸውን ሕፃናት ከሰባት ወራቸው በኋላ ለዘብ ባለ መንገድ በራሳቸው መተኛትን ማስለመድ፣ ልጆቹ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው የታየ ጉዳት አላስከተለም። ስለዚህ ‹‹ጥቂት ካለቀሰ ዕድሜ ልኩን ተጎዳ›› ብለን እናቶችን ማስፈራራት አይገባንም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጥናቱ ስለ ሰባት ወር ሕፃናት እንጂ ስለ ሦስት ሳምንት ጨቅላዎች አልነበረም።

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፈለግ

ውድ አድማጮቻችን፣ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶላቱን ሊያስረዝሙ አስበው ይጀምሩና የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ያሳጥሩት ነበር፤ የእናቱ ልብ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ያውቁ ነበርና። እናስተውል፤ የታጠረው ሶላት ነው። ከኋላቸው ሙሉ ጀመዓ ቆሟል። ያም ሆኖ ‹እናትየዋ ትቻል፣ ልጁም ይልመድ› አልተባለም።

የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው መስገዳቸውንም እናውቃለን። ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲነሱ ያነሷታል። አልአቅረዕ ኢብኑ ሐቢስ አሥር ልጆች እንዳሉትና አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ በነገራቸው ጊዜ ደግሞ፣ የማያዝን ሰው እንደማይታዘንለት ነው የመለሱለት።

በልጅ ላይ ሥርዓት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሥርዓት ግን ጊዜ አለው። የእምነታችን ምሰሶ የሆነው ሶላት እንኳ ልጅ የሚታዘዝበት በሰባት ዓመቱ ነው። በሰባተኛው ቀኑ ስም የምናወጣለትና አቂቃ የምናርድለት እኛ ነን፤ ከእርሱ የምንጠብቀው ነገር የለም። ታዲያ አላህ ሶላትን እንኳ እስከ ሰባት ዓመቱ ያላዘዘውን ልጅ እኛ በሰባተኛ ቀኑ ትዕግሥት እንዴት እንጠይቀዋለን?

ዑመር (ረ.ዐ) ያለቀሱበት ሌሊት

ከታሪክ አንድ ዘገባ እናስታውስ። ዘገባውን ኢብኑ ሰዕድ ጽፈውታል። ነጋዴዎች መዲና ገብተው ሰፍረዋል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብና ዓብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ሌሊቱን ሊጠብቋቸው ወጡ። ዑመር የሕፃን ለቅሶ ሰሙና ወደ እናቱ ሄደው አላህን እንድትፈራና ለልጇ መልካም እንድትሆን መከሯት። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ደግሞ አለቀሰ፤ ደግመው መከሯት። ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ለቅሶው እንደገና ሲሰማ መጥፎ እናት እንደሆነች ተናገሯት።

ሴትየዋ ማን እንደሆኑ አላወቀችም። ልጁን ጡት እያስጣለችው መሆኑን፣ እርሱ ግን እምቢ እንዳላት ነገረቻቸው። ምክንያቱን ሲጠይቋት፣ ዑመር ድጎማ የሚሰጡት ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው አለቻቸው። ልጁ ገና የጥቂት ወራት ነበር። ያን ዕለት ዑመር ሱብሒን ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ቂርአታቸው ለሰዎቹ አልተሰማም። ከሶላት በኋላ እናቶች ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩሉ፣ ድጎማውም ከዚያ በኋላ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ እንዲሰጥ አወጁ።

ወንድሞቻችን ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ከባድ ነው። ዑመር መጀመሪያ የወቀሱት እናቲቱን ነበር። የለቅሶው ምክንያት ግን ራሳቸው ያወጡት ደንብ ሆኖ ተገኘ። እርሳቸውም ደንቡን ለወጡ። እኛስ በየቤታችን ‹‹ልጁን እንዲህ ያደረግሽው አንቺ ነሽ›› ስንል የእኛን ድርሻ ጠይቀን እናውቃለን?

ሐቁን ማን ይክፈል?

በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 233 ያለው አያ የማጥባትን ነገር ሲደነግግ እናትን ብቻ አያነሳም። ለሚያሟላ ሁለት ዓመት ማጥባትን ከጠቀሰ በኋላ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ያደርጋል። እናትም አባትም በልጃቸው ምክንያት እንዳይጎዱ ይከለክላል። ጡት ማስጣሉን እንኳ በሁለቱ መስማማትና መመካከር ላይ ያኖረዋል። እንግዲህ ርኅራኄ ለጨቅላው ብቻ ሆኖ እናትን የሚሰብር ከሆነ ጎደሎ ነው። እናትን በጥብቅነት መቅጣት እንደማይገባን ሁሉ በርኅራኄ ስምም ልንቀጣት አይገባም።

ስለዚህ አባቶች፣ ሌሊት ልጁን አንስታችሁ ለእናቱ አቀብሉ። ከጠባ በኋላ በትከሻችሁ አድርጋችሁ አስገሱት፣ የረጠበውን ቀይሩለት። አያቶችና ጎረቤቶች፣ አራሷን ስትጠይቁ ምክር ይዛችሁ ብቻ አትምጡ፤ ልጁን ያዙላትና አንድ ሰዓት ትተኛ።

ሕፃናት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለቅሷቸው እየጨመረ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ጠብቶ፣ ደርቆ፣ ታቅፎም የሚያለቅስ ጤነኛ ሕፃን አለ። ይህ የእናቱ ጥፋት አይደለም። ትዕግሥታችሁ ያለቀ ሲመስላችሁ ልጁን በጀርባው ጠንካራና ደልዳላ መኝታ ላይ አስተኝታችሁ፣ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ በሉ፤ ሰው ጥሩ። ሕፃንን በንዴት መነቅነቅ ግን አንጎሉን ያደማል፤ ሊገድለውም ይችላል። ይህ በጭራሽ አይደረግ።

በደከማችሁ ሰዓት ሕፃኑን ታቅፋችሁ ሶፋ ላይ እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ ተጠንቀቁ፤ ፊቱንም በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ አትሸፍኑ። ጡት እምቢ ካለ፣ ካተኮሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ካንቀጠቀጠው ‹‹ይለፍለታል›› ሳትሉ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። እናቲቱም ከሁለት ሳምንት በላይ ሐዘን ከተጫናት ወይም ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት፣ ሕመም ነውና ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ይዛችኋት ሂዱ። የኢማን ድክመት ነው ብላችሁ አትለፏት።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከአንዳችን ቤት ጨቅላ ያለቅስ ይሆናል። ‹‹ተይው›› ከማለታችን በፊት እግራችን መሬት ይርገጥ። ‹‹አንቺ ተኚ፣ እኔ አነሳዋለሁ›› የምትል አንዲት ቃል ለሕፃኑም ለእናቱም ታላቅ እዝነት ናት።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ እናቶችን ያበርታልን፤ በቤቶቻችን ውስጥ እዝነትን ያስፍንልን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።