ስለ ሜክ ጥቅም፤ በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በኮምፒዩተር ክበባችን ስም ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የምናገረውም ሜክ ስለሚባል አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን በገዛ እጄ ያደረግሁትን አንድ ጥፋት እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

አምና ክበባችን የክፍላችንን ውጤት ደምሮ አማካዩን የሚያወጣ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፎ ነበር። ሥራው በሁለት ፋይል የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ነጥቡን ይደምራል፣ ሁለተኛው ድምሩን ለትምህርቶቹ ቁጥር ያካፍላል። ትምህርቶቹ 9 መሆናቸው የተጻፈው ግን ሁለቱም በሚያነቡት በሦስተኛ ፋይል ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፋይል ሄደር ይሉታል። በዓመቱ መካከል አንድ ትምህርት ተጨመረና 9 የነበረውን 10 አደረግሁት። ከዚያም የሚደምረውን ፋይል እንደገና ኮምፓይል አደረግሁ፤ የሚያካፍለውን ግን ረሳሁት።

እንግዲህ የሆነውን አስቡት። ፕሮግራሙ የ10 ትምህርት ነጥብ ደምሮ ለ9 ማካፈል ጀመረ። አንዳችም የስሕተት ምልክት አላሳየም፤ ቁጥሩን በመልካም አሰልፎ አወጣ። እኔም መምህራችን ሳያዩት ዝርዝሩን ለክፍል ጓደኞቼ አሳየሁ። ድምሩ 470 የነበረ አንድ ጓደኛችን አማካዩ 47 መሆን ሲገባው 52.2 ሆኖ አገኘው፤ ማለፊያው 50 ነበርና በደስታ ወደ ቤቱ ሮጠ። እናቱም ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠሩ። በማግሥቱ ድምሯ 920 የሆነ ተማሪ አማካይዋ 102.2 መሆኑን አይታ እየሣቀች መጣችና «ከመቶ 102 የሚሰጥ መምህር ማነው?» አለችኝ። እርሷ ሣቀች፤ እኔ ግን ያ ልጅ ትዝ ብሎኝ ላብ አጠመቀኝ። እውነቱን ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ለእናቴ አንተው ንገርልኝ» አለኝ። ሄጄ ነገርኋቸው።

ነገሩ እንዴት ሊሆን ቻለ? ኮምፓይለር ማለት እኛ የጻፍነውን መሣሪያው ወደሚያውቀው ቋንቋ የሚተረጉም ነው። እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ይተረጉምና ትርጉሙን ኦብጀክት በሚባል ፋይል ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ሊንከር የሚባለው ሁሉን አንድ ላይ ያያይዛል። ይህም የሆነው ጊዜ ለመቆጠብ ነው፤ ትልቅ ፕሮግራም ሁሉን እንደገና ለመተርጐም ሰዓታት ይፈጃልና። ሊንከር ግን የተሰጠው ትርጉም የዛሬ ይሁን የአምና አይጠይቅም። የአንድ መጽሐፍ ምዕራፍ ታርሞ ሳለ ጠራዡ አሮጌውን ምዕራፍ ቢጠርዝ እንደ ማለት ነው።

በዚህ ነገር የተሳሳትሁ እኔ ብቻ አለመሆኔን ሳነብ ጥቂት ተጽናናሁ። በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን ሜክን የሠራው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ባልደረባው ስቲቭ ጆንሰን ትክክለኛ ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ ጧቱን በሙሉ አጥፍቶ እየተራገመ ይመጣል፤ ለካ ስሕተቱን አርሞታል፣ ፋይሉን ግን ኮምፓይል አላደረገውም። ፌልድማንም በዋዜማው ማታ ያው ነገር ደርሶበት ነበርና በዚያው ቅዳሜና እሑድ ሜክን ሠራ። ለዚህም ሥራው በ2003 እ.ኤ.አ. ኤሲኤም የሚባለው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር ሸለመው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሜክፋይል በሚባል ወረቀት ላይ የትኛው ፋይል ከየትኞቹ እንደሚሠራና በምን ትእዛዝ እንደሚሠራ ትጽፋላችሁ። ሜክም የየፋይሉን የመጨረሻ መለወጫ ሰዓት ያስተያያል፤ ምንጩ ከትርጉሙ የኋላ ሆኖ ሲያገኘው ያን ብቻ እንደገና ያስተረጉማል። ትእዛዙ የሚጻፍበት መስመር ታብ በሚባለው ቁልፍ መጀመር አለበት፤ በባዶ ቦታ ብትጀምሩት እንቢ ይላል። ፌልድማን ይህን ሊለውጠው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተጠቃሚዎቹ ዐሥራ ሁለት ያህል ስለ ደረሱ እነርሱን ላለማስቸገር ተወው ይባላል። ለዐሥራ ሁለት ሰው ሲባል ይኸው እኛም ታብ እንጫናለን!

ሜክ ግን ያልነገሩትን አያውቅም። እኔም መጀመሪያ ሜክፋይል ስጽፍ ሄደሩን ሳልጠቅሰው ቀረሁ፤ ያው ጥፋት ሊደገም ነበር። አሁን ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር የትኛው ፋይል የትኛውን ሄደር እንደሚያነብ ራሱ እንዲጽፍልን አድርገናል። ሌላው ችግራችን ሰዓት ነው። ከክበባችን ኮምፒዩተሮች የአንዱ ትንሿ ባትሪ ስለ ሞተች መብራት በጠፋ ቍጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚያ ላይ ዛሬ የታረመ ፋይል ከአምናው ትርጉም የቀደመ ይመስልና ሜክ «የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ ይቀመጣል። የሰዓት መዛባት አለ ብሎ ሲያስጠነቅቅ ቸል አትበሉት፤ ባትሪውንም ለውጡ።

ከዚህ በላይ ደግሞ በየማታው ላቦራቶሪው ከመዘጋቱ በፊት አንድ ኮምፒዩተር ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ባዶ ቦታ ገልብጦ፣ አሮጌ ትርጉም ሳይዝ፣ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ይሠራል። ቀጥሎም መልሱ የታወቀ ሒሳብ ይሰጠዋል፤ መልሱ ከተሳሳተ ዝርዝር አይታተምም። ከሒሳቦቹ አንዱ 470 ለ10 ነው፤ 47 መውጣት አለበት። ይህን ቁጥር ያስገባሁት ያን ጓደኛችንን አስፈቅጄ ነው።

ሜክፋይሉን ማየት የሚወድ ሁሉ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ወደ ክበባችን ይምጣ።