ልስን ከመግዛታችን በፊት የውሃውን መምጫ እንፈልግ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው በኩል የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው ክረምቱ እየደረሰ ነው። በዚህ ሰሞን ለማኅበሩ ከሚቀርበው የብድር ጥያቄ አብዛኛው «ግድግዳዬን ላስለስን ነው» የሚል ነው። ስንጠይቅ ያው ግድግዳ አምናም ተለስኗል፣ ታቻምናም ተለስኗል። እንዴ! ሲሚንቶ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ በየዓመቱ አንዱን ግድግዳ ማልበስ ምን ይባላል? ብድሩን አንከለክልም። ግን ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚለሰን ልስን ገንዘቡን ይዞ ይረግፋል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ እርጥበቱ የታየበት ቦታና ውሃው የገባበት ቦታ አንድ ላይሆን መቻሉ ነው። በቆርቆሮ ቀዳዳ የገባ ጠብታ ማገሩን ይዞ ይንሸራተትና ራቅ ብሎ ኮርኒሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከነጠብጣቡ ትይዩ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ ካትራም መቀባት ዋጋ የለውም። በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮት ዘግታችሁ፣ ኮርኒሱን በአንድ በኩል ገልጣችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ቀዳዳው ራሱ በብርሃን ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ምስማር ሥር ነው። ምስማር ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ሳይሆን በቆርቆሮው ጀርባ ላይ፣ ጎማውን ይዞ መመታት አለበት።

ሁለተኛ፣ ጊዜውን ጠይቁ። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ጣራውን፣ አሸንዳውንና የደጁን ቦይ እንጠርጥር። በበጋም የማይደርቅ ከሆነ ግን ሰማዩን አትውቀሱ፤ ቧንቧ ወይም መሬት ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚያልበው ደግሞ ሌላ ነው።

ባለፈው ዓመት ሁለት ጎረቤታሞች በዚሁ ነገር ተጣልተው ወደ ማኅበሩ መጥተው ነበር። አንደኛዋ እናት «የእሱ የልብስ አጠባ ውሃ ቤቴን ሊያፈርሰው ነው» ይላሉ፤ ሰውዬው ይምላል ይገዘታል። ሽማግሌ ከመላክ በፊት አንድ ነገር አደረግን። ማታ በእናታችን ቤት ያለውን ቧንቧ ሁሉ አስዘግተን የቆጣሪውን ቁጥር በወረቀት ጻፍን። ሌሊት ማንም ውሃ አልቀዳም። ጠዋት ስናይ ቁጥሩ ሄዷል! ውሃው የሚወጣው ከራሳቸው ወለል ሥር ከተቀበረው ቧንቧ ነበር። ይህን ለማወቅ አንድ እስክሪብቶ በቂ ነበር፤ እነሱ ግን አንድ ክረምት ሙሉ ሰላም አይባባሉም ነበር።

አሁን ስለ ጭቃ ቤት እንናገር፤ ከሁሉ የሚያሳስበን እሱ ነው። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ላዩ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ትንፋሹ ይታፈናል። ከታች የገባው ውሃ መውጫ ያጣና የባሕር ዛፉን ቋሚ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ምስጥም ርጥብ እንጨት ይወዳል። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ያማረ፣ ከውስጥ ግን ባዶ ነው። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ግድግዳ በሌሊት ዘንበል ብሎ ልጆች የተኙበት አልጋ አጠገብ ደርሶ ቆሟል። እግዜር አተረፈ። ስለዚህ የቋሚውን ሥር በካቻቢቴ ውጉት። ቅቤ እንደሚወጋ ከገባ ልስኑን ትታችሁ ቋሚውን ቀይሩ፤ እስኪቀየርም ልጆችን ከዚያ ግድግዳ አርቁ። ግድግዳውም በጭድ ጭቃ ይመረግ፣ ግርጌው ድንጋይ ይሁን፣ የጣራው ክፈፍም ወደ ውጭ ይርዘም።

የብሎኬት ቤት ያለን ደግሞ አንኩራ። በእኛ አካባቢ ብሎኬት የሚሠራበት ቀላል ድንጋይ ውሃ መሳብ ይችላል። ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ሲወጣ ያ ጨው ነው፤ ውሃው ከመሬት ይዞት ወጥቶ እሱ ሲደርቅ ጨውን ጥሎት ይሄዳል። ቀለም አይመልሰውም። የከርሰ ምድር ውሃ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ መተሐራ መሄድ ነው። የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በኋላ ከ40 በላይ ሆኖ አስፋልቱንና የባቡር ሐዲዱን አስቸገረ። ያጠኑት ሰዎች እንደሚሉት ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከመስኖ እርሻ የሚሰርገውና ከመሬት የሚመነጨው ውሃም አለበት። እዚያም ጥያቄው «ከየት መጣ?» ነበር።

ከሥራ ካምፕ ተገዝቶ የመጣ ተገጣጣሚ ክፍል ያላችሁ፣ መጋጠሚያውንና የብሎኑን መስመር ፈትሹ። ውሃው በሁለቱ ቆርቆሮ መካከል ወርዶ ወለሉ ሥር ይተኛል፤ ኮምፔንሳቶው ስትረግጡት ለስለስ ካለ እዚያው ነው።

ጠዋት የሚያልበው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ካልታመነ ትንሽ ላስቲክ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ዙሪያውን አጣብቃችሁ ሁለት ቀን ተዉት። ውሃው በላስቲኩ ፊት ላይ ከሆነ የእንጀራና የወጥ እንፋሎት ነው፤ መስኮት ክፈቱ። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግድግዳው ራሱ ርጥብ ነው።

ርጥብ ግድግዳ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ግን ምርመራ የለም፤ ቆጣሪው ላይ መብራቱን አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ የሚቀበለው ቦይ በአፈርና በፌስታል ተደፍኗል። በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ስለምንጠርግ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ወይም ዶማ ይዞ ይምጣ። የማኅበሩ መሰላል ጣራ ለሚፈትሽ ሁሉ በነፃ ይሰጣል፤ ማታ ይመለስ፣ ወረፋ የያዘ ሌላ ሰው አለና።